ከሩቅ የሚጻፍ መቼት፦ ጉዴሌና የአማርኛ ልብ ወለድ

ደራሲ ያልኖረበትን አገር መቼት ማድረግ ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በደራሲው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ስንት ዓመት ኖረ፣ ቋንቋውን ያውቃል ወይ ይባላል። በእኔ እምነት ግን መፈተሽ ያለባቸው በታሪኩ ዳር የሚያልፉት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው። ዋናውን ገፀ ባሕርይ ማንም ደራሲ ይንከባከበዋል። በር ላይ የቆመው ወታደር፣ ጎረቤቷ፣ ገበያ ላይ የምትጮኸው ሴት ስምና የራሳቸው ጉዳይ አላቸው ወይ? ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በውኃ ቦቴና በንግድ ሥራ ኑሯቸውን መሥርተዋል፤ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ያለው ጉዴሌም የአማርኛ ልብ ወለድ መቼት ለመሆን የሚበቃ ታሪክ አለው። ያንን መጽሐፍ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የተቀመጠ ሰው ቢጽፈው በምን እንመዝነው?

ርቀት በራሱ ጥፋት አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ያሳተመው ሮም ነው፤ ረጅሙ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ባሕር ማዶ ነበር። ደቡብ ሱዳናዊቷ ስቴላ ጋይታኖም ተወልዳ ያደገችው ካርቱም ውስጥ ሲሆን፣ በዐረብኛ ስለ ደቡብ የጻፈችው ጁባ ገብታ ከመኖሯ በፊት ጀምሮ ነው። ነዋሪ ያልሆነ አይጻፍ ቢባል ከሁሉ በፊት ዝም የምትሰኘው እሷ ነበረች። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ ኢትዮጵያን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራስላስ»ን አሳተመ። የሚሲዮናዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ቀደም ሲል ተርጉሞ ስለነበር፣ ልዑላኑ ተዘግተው የሚያድጉበትን የአማራ ሸለቆ ከንባቡ ገነባ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። ይሁንና በልዑሉ በራስላስ አፍ የሚናገረው የለንደኑ ሊቅ ነው። ይህን የማንቀየመው ሸለቆው የሐሳብ ሸለቆ በመሆኑና በውስጡ ስሙ የሚጎድፍ ሕያው ሰው ባለመኖሩ ነው።

ሕያው ሰው ሲኖር ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካዊው ዴቭ ኤገርስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» የቫለንቲኖ አቻክ ዴንግን ሕይወት ይተርካል፤ ዴንግ ከደቡብ ሱዳኗ ማሪያል ባይ በጦርነት ተፈናቅሎ፣ በእግሩ ተጉዞ ጋምቤላ ፒኝዶ የስደተኞች ጣቢያ የገባ ልጅ ነበር። ኤገርስ ዴንግን ለዓመታት አዳመጠ፣ አብሮት ማሪያል ባይ ድረስ ሄደ፣ መጽሐፉንም በአንደኛ መደብ በዴንግ ስም ጽፎ ልብ ወለድ አለው። ሃያሲው ሊ ሲገል የሌላን ሰው ማንነት መውሰድ ነው ብሎ አጥብቆ ነቅፎታል። ነቀፋው አያሳምነኝም። ዴንግ ፈቅዷል፣ መቅድሙን ጽፏል፣ ገቢውም ለሚመራው ድርጅት ውሏል። የመጽሐፉ ጉድለት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ስደተኞቹ በጊሎ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን ይሸሻሉ። ከኋላ ተኩስ፣ ከፊት አዞ። በዚያ ትርምስ ሣር ውስጥ የቆመች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናታችሁ ነኝ እያለች ልጆቹን ትጠራለች፤ አምነው የቀረቡትን ትተኩስባቸዋለች። ስም የላትም። ያስታጠቃት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰባት አንባቢ አያውቅም። የሚሸሽ ልጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ተራኪው ሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ አሜሪካ ሆኖ የሚያስታውሰው ጎልማሳም ነው፤ ጎልማሳው ስለ እሷ ሊጠይቅ ይችል ነበር። እኔ ከወንጀሏ ትንጻ አልልም። ለዴንግ የተሰጠው ጆሮ ለእሷ እንዳልተሰጣት ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው ይሰማዋል።

ያ የተሰማን ስሜት ለጉዴሌ ጸሐፊ መለኪያ ሊሆነው ይገባል። ታኅሣሥ 7 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጁባ ላይ በፈነዳ ማግስት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኑዌር ብሔረሰብ ወንዶች ጉዴሌ በሚገኝ የፖሊስ ሕንፃ ታጉረው መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። የአማርኛ ልብ ወለድ ይህን ሌሊት በቀላሉ ሊያበላሸው ይችላል፦ ኢትዮጵያዊው የሆቴል ሠራተኛ በሩን ቆልፎ ተኩስ ይሰማል፣ ይጸልያል፣ በነጋታው አውሮፕላን ይፈልጋል፤ የሞቱት የእሱ ፍርሃት ማጀቢያ ሆነው ያልፋሉ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» የተሻለ መንገድ አሳይቷል። አስመራ ያኔ ሌላ አገር ባትሆንም ዋናው ገፀ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚያያት ለዘመቻ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ በዓሉም ይህን እንግድነት አልሸሸገም። አስመራዊቷ ፊያሜታ ጊላይ ደግሞ የከተማዋ ጌጥ ሆና አልቀረችም፤ ለፀጋዬ መልስ የምትሰጥ፣ አመለካከቱን የምትፈታተን ሰው ናት። የሆቴል ሠራተኛውም እንግድነቱ ሳይደበቅ፣ ጉዴሌ ውስጥ ወንድሟን የምትፈልግ ጎረቤት መጥታ በጁባ ዐረብኛ ልትሞግተው፣ ለምን በሩን እንዳልከፈተ ልትጠይቀው ይገባል።

ልብ ወለድ ዘገባ አይደለም፣ ደራሲን በምስክር ማሰር ምናብን መግደል ነው የሚሉ ይኖራሉ። ምናብ ግን የሚደክመው መረጃ ሲበዛበት አይደለም፤ ሰው ሲጎድልበት የሚሞላው በወሬና በለመደው ምስል ነው። ጠመንጃ አንግቶ የሚያፈጥ ስም የለሽ ጥቁር ወታደር ከዚያ የመጣ ምስል ነው፤ የድንበር ወሬ ሲሰማ ላደገ አንባቢም ጥርጣሬውን ከማጽናት በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም። ደግሞም የሚጻፍባቸው ሰዎች መጽሐፉ አይደርሳቸውም ብሎ መተማመን ዛሬ አይቻልም። ከጦርነቱ የሸሹ በርካታ ኑዌሮች ጋምቤላ ገብተዋል፤ አማርኛ የሚያነቡ ደቡብ ሱዳናውያን እዚያም አዲስ አበባም አሉ። ጉዴሌን ለመጻፍ የተነሳ ደራሲ ረቂቁን ማተሚያ ቤት ከማስገባቱ በፊት ከእነሱ ለአንዱ ይስጠው፤ አርታኢዎችም ይህንኑ ይጠይቁት።