200 ቃል ያልሞላ ገጽ

ስክሪሚንግ ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሚያዘጋጀው ኤስ.ኢ.ኦ. ስፓይደር ድረ ገጾችን ለሚመረምሩ ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከመነሻ ገጹ ይገባና ሊንክ እየተከተለ ድረ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል። ያገኘውን አድራሻ ሁሉ በሰንጠረዥ ደርድሮ በየረድፉ መለኪያ ይሞላል፦ ሰርቨሩ የመለሰውን ኮድ፣ የርዕሱን ርዝመት፣ የቃላቱን ብዛት፣ ገጹ ከመነሻው በስንት ክሊክ እንደሚደረስ፣ ስንት የውስጥ ሊንክ ወደ እሱ እንደሚያመላክት። እስከ 500 አድራሻ በነጻ ይሠራል፤ ምስሎችና የስታይል ፋይሎችም ስለሚቆጠሩ ግን አንድ መካከለኛ የዜና ድረ ገጽ ይህን ኮታ ገና በጠዋቱ ይጨርሰዋል።

ይህ ዳሰሳ ፕሮግራሙን የሚያየው በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ባለው አገልግሎት ነው። በስህተት መርማሪነቱ ያለ ማመንታት አመሰግነዋለሁ። የገጽ ጥራት ዳኛ ተደርጎ ሲወሰድ ግን ብይኑን መቀበል የለብንም፤ በአማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው።

ከምስጋናው ልጀምር። አንድ ድረ ገጽ በአዲስ መልክ ሲሠራ ባለሙያው ያላለቀው ሥራ ጎግል ላይ እንዳይወጣ ብሎ በየገጹ የኖኢንዴክስ ትእዛዝ ያስቀምጣል። ሥራው አልቆ ድረ ገጹ ሲከፈት ትእዛዙን ማንሳት ይረሳል። ለአንባቢ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ገጹ ይከፈታል፣ ምስሉ ያምራል፣ ጽሑፍ በየቀኑ ይጨመራል። በፍለጋ የሚመጣ ሰው ግን የለም። የድረ ገጹ ባለቤት ለወራት ጽሑፉን ሲያሻሽል፣ ርዕስ ሲቀይር፣ ማስታወቂያ ሲገዛ ሊቆይ ይችላል። ስፓይደሩ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣዋል፤ የቀረው አንድ መስመር ማጥፋት ብቻ ነው። የተሰበረ ሊንክ፣ አንዱ አድራሻ ወደ ሌላው፣ ያም ወደ ሦስተኛው የሚያዞርበት ሰንሰለት፣ ወደ ተሳሳተ ገጽ የሚጠቁም ካኖኒካል (ዋናው ቅጂ የትኛው ገጽ እንደሆነ የሚናገር ምልክት)፣ ርዕስ የሌለው ገጽ፦ በእነዚህ ሁሉ ላይ መልሱ አለ ወይም የለም ስለሆነ ፕሮግራሙን ማመን ይቻላል።

ሌላም ውለታ አለው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የጨረታና የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያቸውን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስካን አድርገው በምስል ይለጥፉታል። ሰው ያነበዋል፤ የፍለጋ ሞተር በጽሑፍነቱ አያገኘውም፤ ማየት የተሳነው አንባቢ የሚጠቀምበት ስክሪን ሪደርም ዝም ይላል። በስፓይደሩ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለው ገጽ የቃል ብዛቱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ፣ ምስሉም አማራጭ ጽሑፍ የሌለው ተብሎ ጎን ለጎን ይታያል። እዚህ ቁጥሩ እውነተኛ በደልን ያሳያል፤ ማስታወቂያው በጽሑፍ ቢወጣ ሥራ ፈላጊው ያገኘው ነበርና።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ፕሮግራሙ መረጃ ከማቅረብ አልፎ ብይን ወደ መስጠት ሲያዘነብል ነው። ከ17ኛው እትም ጀምሮ የተጨመረው የችግሮች ትር ያገኘውን ሁሉ ችግር፣ ማስጠንቀቂያና የመሻሻል ዕድል ብሎ ይከፍላል፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሚል ደረጃም ይሰጠዋል። ሐሳቡ ለጀማሪ የሚረዳ ነው። በተግባር ግን ብዙ አማካሪዎች ይህንኑ ዝርዝር እንዳለ አውጥተው ለደንበኛ ያስረክባሉ፤ ደንበኛውም ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ገንዘቡን ያፈሳል። ጎግል ግን እነዚህን ገደቦች አላወጣቸውም፤ ፕሮግራሙ ከልምድ በመነሳት ያስቀመጣቸው መነሻዎች ናቸው።

የቃል ብዛትን እንውሰድ። ሳይነካ የተተወው ፕሮግራም ከ200 ቃል በታች ያለውን ገጽ ይዘቱ አነስተኛ ነው ብሎ ይለየዋል። ፓስፖርት ለማደስ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች፣ ክፍያውንና የሥራ ሰዓቱን በ120 ቃል አጥርቶ የሚናገር ገጽ በዚህ ሚዛን ጎደሎ ነው። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድ ግሥ ላይ ስለሚጭን ያንኑ ነገር ከእንግሊዝኛ ባነሰ የቃል ቁጥር ይጨርሰዋል። ጎግል ራሱ ለጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያ የሚመርጠው የቃል ብዛት እንደሌለ በግልጽ አስፍሯል። ተቃራኒውም ያሳዝናል። ፕሮግራሙ ቃል ሲቆጥር ሜኑንና ግርጌውን የሚተወው በተገቢው የኤችቲኤምኤል ምልክት ከተለዩ ነው፤ ካልተለዩ ሜኑው፣ የጎን ዓምዱ፣ የተዛማጅ ዜናው ርዕስ ሁሉ አብሮ ይደመራል። እንዲህ ሆኖ አርባ ቃል ብቻ ያለው ባዶ ዜና ፈተናውን በደህና ያልፋል፤ ጠቃሚው የፓስፖርት ገጽ ይወድቃል።

የፕሮግራሙ የንባብ ቅለት መለኪያ ከዚህም የባሰ ነው። መሠረቱ ሩዶልፍ ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ለእንግሊዝኛ ያወጣው ቀመር ነው፦ በዓረፍተ ነገር ያለው አማካይ የቃል ብዛት በ1.015፣ በቃል ያለው አማካይ ክፍለ ቃል ደግሞ በ84.6 ይባዛና ሁለቱም ከ206.835 ይቀነሳሉ። ውጤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጽሑፉ ቀላል ነው፤ ከ30 እስከ 50 ያለው ከባድ ይባላል፣ ከ30 በታች ያለው በጣም ከባድ። አሁን «ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእጃችን እናስላው። 5 ቃል፣ 9 ክፍለ ቃል አለው፤ ውጤቱ 49 ከምናምን ይመጣል። የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ከባድ ተባለ ማለት ነው። ቃሉ በአማካይ 3 ክፍለ ቃል፣ ዓረፍተ ነገሩም 10 ቃል ያለው ተራ ጽሑፍ ደግሞ ከዜሮ በታች 57 ይወርዳል። ይህን ቁጥር ይዞ አማርኛ ጸሐፊን «ጽሑፍህን አቅልል» ማለት ግፍ ነው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በላቲን ኮዶች ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚያለብሱ ፎንቶች ብዙ ተጽፏል። እንዲህ ተጽፎ የቀረ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ለስፓይደሩ የላቲን ፊደላት ትርምስ ነው። ሆኖም የቃል ብዛቱ ይሞላል፣ ርዕሱ አለ፣ ሰርቨሩ የመለሰው ኮድ 200 (ደህና) ነው፤ ሰንጠረዡ እንከን የለውም ይላል። ጽሑፉን በአማርኛ ቢፈልጉት ግን አይገኝም። በዚህ መንገድ ከአንባቢ የተሰወረው ሥራ ብዛት ስለሚያስቆጨኝ፣ ለአማርኛ ገጽ መለኪያ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ጽሑፉ በእርግጥ በዩኒኮድ ነው ወይ የሚለው እንዲሆን እሻለሁ። ሞክሼ ፊደላትም ሌላ ጣጣ ናቸው። ፕሮግራሙ ተቀራራቢ ገጾችን የሚለየው 90 በመቶ ሲመሳሰሉ ነው፤ አንዱን ጽሑፍ አንዱ የድረ ገጹ ክፍል «ፀሐይ» እና «ዓለም» እያለ፣ ሌላው «ጸሀይ» እና «አለም» እያለ ቢያወጣው ለማሽኑ ሁሉም ልዩ ልዩ ቃል ስለሆነ ቅጂው ሊያመልጠው ይችላል።

የአድራሻው ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ከአውዱ ውጪ ይነበባል። በአማርኛ የተጻፈ አድራሻ ከላቲን ውጪ ቁምፊ አለው ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። አድራሻው ኢንኮድ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት፣ በጽሑፍም ዘጠኝ ምልክት ስለሚሆን 13 ፊደል ብቻ 117 ምልክት ይወጣዋል፤ የፕሮግራሙ የርዝመት ገደብ ደግሞ 115 ነው። ይህን ያየ ባለሙያ አድራሻውን በላቲን ፊደል ለውጥ ብሎ ይመክራል። የጎግል መመሪያ ግን የአንባቢውን ቋንቋ በአድራሻ ውስጥ መጠቀምን ይደግፋል። አማርኛ በላቲን የሚጻፍበት መንገድ በየሰዉ ስለሚለያይም ለውጡ ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም።

የሊንክ ነጥቡን በአጭሩ ልለፈው። ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው ይህ ነጥብ በጎግል የገጽ መመዘኛ በፔጅራንክ መንፈስ የተሠራ ቢሆንም የሚያየው የውስጥ ሊንክን ብቻ ነው፤ በየገጹ ግርጌ የሚገኘው «ስለ እኛ» ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል። የፍጥነት ዓምዱ ደግሞ ከጎግል በሚመጣ መረጃ ይሞላል። የእውነተኛ ተጠቃሚዎች መረጃ በቂ ጎብኚ ለሌለው ገጽ ስለማይገኝ፣ በትናንሽ ድረ ገጾች ላይ በምትኩ የሚነበበው የላቦራቶሪ ግምት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ፕሮግራሙን ተዉት አልልም፤ ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ሰው የማይነካው የማስተካከያ ክፍሉ ነው። የቃል ብዛቱ፣ የርዕሱ ርዝመት፣ የአድራሻው ገደብ ሁሉም ሊቀየሩ ይችላሉ፤ በአማርኛ ድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ሰው አሰሳውን ከመጀመሩ በፊት ሊቀይራቸው ይገባል። ከጎግል ሰርች ኮንሶል ጋር ማገናኘትም ይቻላል፤ ያኔ ሰዎች እየፈለጉ የሚያገኙት ገጽና የተረሳው ገጽ በአንድ ሰንጠረዥ ይታያሉ። ከሁሉ በላይ የምወደው በራስ የሚቀረጸው ፍለጋ ነው። የጸሐፊው ስም የሌለበትን የጤና ጽሑፍ፣ የታደሰበት ቀን ያልተጻፈበትን የክፍያ ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር የጎደለውን የአገልግሎት ገጽ ፈልገህ አምጣ ቢሉት ያመጣል። ምን መፈለግ እንዳለበት የሚነግረው ግን ድረ ገጹን የሚያነበውን ሰው የሚያውቅ አዘጋጅ መሆን አለበት፤ ያ አዘጋጅ ደግሞ በአብዛኛው የስፓይደሩን ውጤት በሚያዩት ስብሰባዎች ላይ አይጠራም።