ራጅ፣ ጨረርና እርግብግቢት፤ በጨቅላ ሕፃናት የምስል ምርመራ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንዲት የመርሳ ዘመዴ ያለጊዜው የተወለደ ልጇን ይዛ ከአንድ ሆስፒታል ገብታ ነበር። የራዲዮሎጂ ሰልጣኙ ሐኪም የሕፃኑን አንጎል በአልትራሳውንድ ሊያይ ፈልጎ «ጭንቅላቱን በጨረር እናየዋለን» አላት። እርሷ ጨረርን የምታውቀው ከካንሰር ሕክምና ጋር ስለ ነበር እምቢ አለች፤ ምርመራውም አንድ ቀን ዘገየ። ሰልጣኙ መሣሪያውን ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ስያሜው ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ራዲዮሎጂን «የጨረር ሕክምና» የሚለው አተረጓጐም ነው። ስያሜው ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ያደባልቃል፤ አንዱ በሽታን በምስል መመርመር፣ ሌላው ዕጢን በጨረር ማከም ነው። ከዚህም በላይ አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ስለዚህ ለአጠቃላዩ ሙያ «የምስል ምርመራ» የተሻለ ይሆናል። «ራጅ» ከጣልያንኛ የመጣና በመነሻው ጨረር ማለት ቢሆንም፣ በአማርኛ ለኤክስሬይ ተለይቶ ስለ ተለመደ ባለበት ይቆይ።

ሁለተኛው ነቀፌታ «ማሰር» የሚለውን ይመለከታል። ጨቅላ ሕፃን፣ ማለትም ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው፣ «ትንፋሽህን ያዝ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ሰልጣኙ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ጠብቆ ራጁን ማንሣት፣ ገላውም እንዳይቀዘቅዝና እንዳይወራጭ መሸፈን ይማራል። ይህን «ማሰር» ማለት እናትን ያስደነግጣል፤ «መጠቅለል» የሚለውን ግን ከቤቷ ታውቀዋለች። «አራስ» የሚለውም በምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ብቻውን ሲጻፍ እናቲቱን ወይስ ልጁን እንደሚያመለክት አይለይምና፣ ለልጁ «ጨቅላ» ይጻፍ።

ሁሉም ስያሜ አዲስ መፈጠር የለበትም። አልትራሳውንድ ተለምዷልና ይቆይ። «ፎንታኔል» ግን ምን ያስፈልገናል? የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልገጠሙበትን ለስላሳ ቦታ እናቶቻችን ከመርገብገቡ አይተው «እርግብግቢት» ብለውታል። መሣሪያው የሚያርፈውም በዚያው ላይ ነው። «በእርግብግቢቱ በኩል በድምፅ እናየዋለን፤ ጨረር የለበትም» ቢባል ኖሮ ዘመዴ እምቢ ባላለች ነበር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ጋር በመተባበር የሕፃናት ራዲዮሎጂ ሥልጠና ተጀምሯል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ፈቃድ የሚጠየቀው በእናት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሰልጣኙ መሣሪያውን ከመያዙ በፊት እነዚህን ጥቂት ቃላት እንዲያጠና፣ የቃላት ባለሙያዎችም ዝርዝሩን ከሐኪሞችና ከእናቶች ጋር ሆነው እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን።