«ማቅለጥ» ስንት ሥራ ይሸከማል?

የሙያ ቃላት ሲዘጋጁ ዘወትር የሚጠየቀው ለባዕዱ ቃል አቻ ተገኝቷልን የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት፣ የተገኘው አቻ ስንት ጽንሰ ሐሳብ እንዲሸከም ተደርጓል የሚለውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

በብረታ ብረት ምሕንድስና «ማቅለጥ» የሚለው ቃል ሦስት ሥራዎችን ሲገልጽ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ጠጣሩን በሙቀት ፈሳሽ ማድረግን፣ ብረትን ከማዕድኑ በእሳትና በከሰል መለየትን፣ የቀለጠውንም በቅርጽ አፍስሶ ዕቃ ማውጣትን ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጥንታዊው የወናፍ ምድጃ ግን ከዚህ መጠን በታች እየነደደ ብረቱን ሳያቀልጥ ከማዕድኑ ይለየው ነበር፤ የቀረውን አር ቀጥቃጩ በመዶሻ እየመታ ያስወጣው ነበር። እንግዲህ ተማሪው ያንን ሥራ «ማቅለጥ» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ ወደ ስሕተት ይመራዋል።

ችግሩ በአሶሳ ይበልጥ ይጎላል። ቤኒሻንጉል በወርቁ የታወቀ አገር ነው፤ በ1810ዎቹ ዓ.ም. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወደዚያ ከዘመተባቸው ምክንያቶች አንዱ ወርቅ ነበር። ዛሬ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በበርታዎች ዘንድ ዐረብኛ ይነገራል፤ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። በመንደሩ ወርቅ ሲታጠብ ያየ ወጣት ያንኑ ዕውቀት ትምህርት ክፍል ውስጥ በባዕድ ስም እንደ አዲስ ይማረዋል።

ለሁለተኛው ሥራ አማርኛ የራሱ ቃል አለው። ቅቤ የምታነጥር ሴት ማቅለጥና ማንጠር ሁለት መሆናቸውን ታውቃለች፤ አንዱ ያፈሳል፣ ሌላው ከእድፍ ይለያል። አንጥረኛም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ «ማዕድን ማንጠር» ቢባል ተገቢ ይመስለናል።

ለሦስተኛው የግዕዙን «ስብኮ» መዋስ ይቻላል። በግዕዝ ሰበከ ከማስተማር ሌላ አቅልጦ ማፍሰስ የሚል ፍቺ አለው፤ የዐረብኛው «ሰብክ» በድምፅም በፍቺም ስለሚመስለው፣ ቃሉ ለአሶሳ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ሆኖም «የተሰበከ ብረት» ብንል አማርኛ ተናጋሪው ስብከት የሰማ ብረት ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ ስሙን ብቻ ወስደን «የስብኮ ሙያ» ብንል፣ ግሱን ግን «በቅርጽ ማፍሰስ» ብንለው ይሻላል። ከጣልያንኛ ገብተው የተለመዱትን ፌሮን፣ ላሜራንና ቶርኖን መነቅነቅ ግን አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ አማርኛ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከወናፉ አጠገብ ያለውን ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው መግቢያ በር አያገኝበትም። ቀጣዩ ሥራ የአንጥረኛውን፣ የቀጥቃጩንና የወርቅ አጣቢውን ቃል፣ የበርታውንና የጉሙዙን ጭምር፣ በየቦታው መዝግቦ መነሻ ማድረግ ሊሆን ይገባል።