በአሸንዳ ውሃ የሚኖር ወጥመድ

ነፍሳት በል ዕፅዋት ሲነሡ የሁሉም ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ጠርዙ ጥርስ ወዳበቀለው የቬነስ ፍላይትራፕ ቅጠል ነው። ይገባዋል። በቅጠሉ ሁለት ክፋዮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል። ዝንብ አንዱን ነክታ ብታልፍ ምንም አትሆንም፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከደገመች ግን ቅጠሉ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይከደንባታል። የዝናብ ጠብታ በወደቀ ቁጥር በከንቱ እንዳይዘጋ የተበጀ ጥንቃቄ ነው።

በእኔ ሚዛን ግን በሥራ ጥራት ከሁሉም የሚልቀው ሌላ ነው። ዩትሪኩላሪያ ይባላል። በአገራችን ረግረጎችና ሐይቆች ዳርም ይበቅላል። ሥር የለውም፤ ብዙዎቹ የውሃ ዝርያዎቹ ይንሳፈፋሉ፤ ወጥመዱም ከጤፍ ፍሬ ብዙም የሚበልጥ አይደለም።

አንድ ቀንበጥ በነጭ ሳህን ውሃ ውስጥ ዘርግታችሁ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። እንደ ክር በቀጠኑት ቅጠሎች መሀል ከረጢቶች ተሰክተዋል። ግድግዳቸው ከሁለት ረድፍ ሴል ስለማይበልጥ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጥ የተያዘው ደቃቃ እንስሳ ሳይቀር ይታያል። የከረጢቱ ጎን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ካያችሁት ወጥመዱ ተጠምዷል ማለት ነው። ዕጢዎቹ ውሃውን ቀስ በቀስ እያስወጡ ግድግዳውን ወጥረውታል። ያን ሁሉ ውጥረት የያዘው አንድ በር ነው፤ ወደ ውጭ ጉብ ያለ ስስ ሽፋን፣ ጠርዙ በዝልግልግ ፈሳሽ የታሸገ፣ ፊቱ ላይ ጥቂት ፀጉሮች የቆሙለት። ደቃቃው እንስሳ ፀጉሩን ሲነካ ጉብታው ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ግድግዳው ወደ ቦታው ሲመለስ ውሃውን ከነእንስሳው ይመጥጣል፣ በሩም መልሶ ይገጥማል። ጡንቻም ነርቭም የለበትም።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለነዚህ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱ በሩን በራሳቸው ጭንቅላት ገፍተው ይገባሉ ብሎ ነበር። ማን ይፈርድበታል? እ.ኤ.አ. በ2011 በፈጣን ካሜራ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እንስሳው ተመጥጦ የሚገባው ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ወጥመዱ እንደገና ተጠምዷል።

ይህ ሁሉ ጥበብ የመጣው ከማጣት ነው። እነዚህ ዕፅዋት የሚኖሩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጎደለበት ቦታ ስለሆነ የጎደላቸውን ከሥጋ ያሟላሉ። ከአቃቂ አለፍ ብሎ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃውን ስላደለበው እምቦጭ ይንሰራፋበታል። ለዩትሪኩላሪያ እንዲህ ያለ ጥጋብ ጥፋት ነው።

ስለዚህ አቃቂ ቃሊቲ ላይ እነዚህን ዕፅዋት የሚያሳድግ ሰው ሙያ የሚፈተነው በውሃ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ማዕድን ያዘለ ነው፤ ለእኛ ይስማማናል፣ እነሱን ግን ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። መፍትሔው ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዝናብ የፋብሪካና የመኪና አቧራውን አጥቦ ይሂድ፤ ከዚያ በርሜሉን አሸንዳው ሥር መደቀን ነው። አሥር ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 200 ሊትር ይሆናል፤ አንድ በርሜል ሞላ ማለት ነው። ቢንቢ እንዳይራባበት መክደን፣ ለበጋውም አብቃቅቶ ማቆየት ነው። አፈሩስ? የአካባቢው ዋልካ፣ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ ሊነካቸው አይገባም። ፒት የሚባለው የረግረግ ብስባሽ ከታጠበ አሸዋ ጋር ይበቃል። ልፋት የለመደ እጅ እዚህ ላይ መሰብሰብ አለበት።

ለጀማሪ ከደቡብ አፍሪካው የኬፕ ድሮሴራ የተሻለ አላውቅም። ከዘር ይበቅላል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ የዝናብ ውሃ የያዘ ሳህን ላይ ከተቀመጠ ሌላ ብዙም አይጠይቅም። በቅጠሉ ፀጉሮች ጫፍ ላይ የሚያጣብቁ ጠብታዎች ተቀምጠዋል፤ ትንኝ ሲይዝ ቅጠሉ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠቀለልባታል። የእስያ ተራሮች ኔፔንተስም፣ እንስራው አፍ ላይ ያለው ጠርዝ ሲርስ ጉንዳን የሚያንሸራትተው፣ የአቃቂን ቀዝቃዛ ሌሊት ይወዳል፤ የበጋው ደረቅ አየር ስለሚጎዳው ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ፍላይትራፕ በአንጻሩ የትውልድ አገሩ ካሮላይና ክረምቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑም አጭር በመሆኑ በየዓመቱ ያርፋል። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም በማይርቅበት በእኛ አገር ይህን ዕረፍት ማስገኘት ከባድ ነው።

ዩትሪኩላሪያውን ለማኖር አንድ የመስታወት ሳህን፣ ከሥሩ ጥቂት ፒትና የዝናብ ውሃ ይበቃሉ። አልጌ እንዳይወርሰው ግማሽ ጥላ ይሰጠዋል። ሲመቸው ከውሃው በላይ ትንሽ አበባ ያወጣል፤ ብዙ ዝርያዎች ቢጫ ነው የሚያብቡት። ከውጭ የመጣ ዝርያ ከሆነ ግን የሳህኑ ውሃ ወደ ቦይ አይደፋ። የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ለአበባው ውበት ተብሎ ነው።