ወንዙ ባይጎድልስ?

የአውደ ዓመት ድራማ የማየት ልማድ ያለው ሁሉ አንድ ታሪክ በቃሉ ያውቃል። እናት ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦት ዘርግታ፣ ዐይኗን ከበሩ ሳትነቅል ተቀምጣለች። ለዓመታት ድምፁ የጠፋ ልጅ አለ፤ የኮበለለ ወይም ባሕር ማዶ የተሻገረ። በሩ ይንኳኳል። ልቅሶና ሳቅ ይደባለቃል፣ የተቀያየሙ ወንድማማቾች ይታረቃሉ፣ ልጆች አበባ ይዘው ይገባሉ። ውጭ ፀሐይ ወጥታለች፤ ዝናቡም ዕርቁን ላለማበላሸት ይመስል ድራሹ ጠፍቷል።

ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ታሪክ ለማጣጣል አይደለም። ሥር ያለው ታሪክ ነው። ድልድይ ብርቅ በነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፤ ከወንዝ ማዶ የተዳረች ልጅ ብትታመም እናቷ የምትሰማው ዘግይታ ነው። መስከረም ሲጠባ ወንዙ ይጎድላል፣ ዘመድ ከዘመዱ ይጠያየቃል። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ደስታ ግማሹ የአደይ አበባ ከሆነ፣ ግማሹ የወንዙ መጉደል ነው። ጸሐፊዎቻችን አበባዋን ወሰዱና ወንዙን ረሱት። ከዚህም የተነሣ በድራማዎቻችን ቤተሰብ የሚገናኘው እንዲያው በዓል ስለ ሆነ ብቻ ነው፤ ምን ለያይቶት እንደ ነበረ አይነገረንም።

ለመሆኑ ወንዙ ባይጎድልስ?

ጥያቄው የምናብ ጨዋታ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ፣ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ በየዓመቱ ውኃ ሲይዝ ቆይቶ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከፍታው 145 ሜትር ከሆነው ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ ዐቅም አለው። በደጋው ወንዝ በሚጎድልበት በመስከረም፣ ሐይቁ ጢም ብሎ ይታያል። የጉባ ዝናብም ገና አያባራም። በየክረምቱ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ረባዳው እየተዋጠ፣ ከፍታው እየተነጠለ ሄደ፤ ትናንት ኮረብታ የነበረው ዛሬ ደሴት ሆነ።

ስለ እነዚህ ደሴቶች የሚነገረውን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁሉም ስለ ነገ ነው፤ ስለ ጀልባ ሽርሽር፣ ስለ መዝናኛ፣ ስለ ዓሣ። ክፋት የለውም። ነገር ግን በእኛ ታሪክ ደሴት የመዝናኛ ስፍራ ከመሆኑ በፊት የአደራ ስፍራ ነበር። በጣና፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም አርፎበታል፤ የዝዋይ ደሴቶች የዛይን ሕዝብ ከነቋንቋው አቆይተዋል። የንጋት ደሴቶችስ ምን አደራ አለባቸው? ቢያንስ ስም አለባቸው፤ ማሽላ የዘራባቸው፣ ማር የቆረጠባቸው ሰው ያወጣላቸው ስም። ያ ሰው ዛሬ ውኃው ከተኛበት መሬት ተነሥቶ በሌላ መንደር ሠፍሯል። በበዓል ቀን ዘመዶቹን ሰብስቦ በጀልባ ወደዚያች ከፍታ ቢሄድ፣ ሽርሽር እንበለው ወይስ ልቅሶ መድረስ?

በሐይቅ ዳር የሆነን የቤተሰብ መገናኘት ከአውደ ዓመቱ ድራማ ርቆ ያሳየን ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ፊልሙ፣ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ በጣና አካባቢ ወዳለችው የእናቱ መንደር ይገባል። እናቱ ደስ ይላታል፤ ግን የተመለሰላት የላከችው ልጅ አይደለም። እግሩ ተጎድቷል፣ ትዝታው ተቆራርጧል፣ ሌሊት ይቃዣል፤ ጠበል ይወሰዳል። ከኃይሌ የምንማረው ቁም ነገር፣ መገናኘት የታሪኩ መደምደሚያ ሳይሆን መነሻ መሆኑን ነው። ሆኖም አንበርብር አንድ ነገር አልጎደለበትም፤ ሐይቁ በነበረበት አለ። በልጅነቱ በሚያውቀው ዳርቻ ተቀምጦ ትዝታውን ይለቃቅማል። የጉባው ተመላሽ ይህ ዕድል የለውም።

ለእርሱ የሚቀርበው ጽሑፍ የሚገኘው እዚያው ዓባይን ቁልቁል ወርደን ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 የግብፅ ኖባውያን ከወንዛቸው ዳር ተነሥተው በኮም ኦምቦ አካባቢ ሠፈሩ። ኖባዊው ደራሲ ሐጋግ ሐሰን ኡዱል በአንድ አጭር ልቦለዱ፣ ከተማ ያደገ ልጅ አያቱን ሊጠይቅ ወደ ሠፈራው መንደር ሲሄድ ያሳየናል። አያቲቱ የቀረችው መንደሯ ከልቧ አትወጣም። ደራሲው ግን በዚህ አላበቃም። አሮጊቷ የልጁን እናት ኖባዊት ባለመሆኗ ትንቃታለች፤ ንቀቱ ለልጁም ይተርፋል። የተበደለችው ሴት እርሷም ትበድላለች። ልቦለዱን ተራ እንጉርጉሮ ከመሆን ያዳነው ይህ ሐቀኝነት ነው።

ስለ ጉባ የሚጻፈውም እንዲህ ያለ ድፍረት ይጠይቃል። በመተከል ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አብሮ ኖሯል፣ ተዋልዷል፤ በ2013 ዓ.ም. በዞኑ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል። እንግዲህ በደሴቷ ላይ የሚገናኙትን ዘመዳሞች የለያያቸው ውኃ ብቻ አይደለም። ግድቡን እየረገመ የሚጽፍ ይስታል፤ 5,150 ሜጋ ዋቱን እያሞገሰ ሰውን የሚረሳም እንዲሁ ይስታል። ቦንድ የገዛች አያት በመብራቱ ልትኮራ፣ በዚያው ልቧ ስለ ሰመጠው ማሳዋ ልታዝን ትችላለች። ሁለቱን በአንዲት ገጸ ባሕርይ ደረት ውስጥ አስቀምጦ ማስኬድ ነው የደራሲ ሥራ።

እንደኔ እንደኔ መቼቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዝናብ ይጥላል። ሦስት ትውልድ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ በአንዲት ጀልባ ተሳፍሯል። አያት ዝም ብላለች። ከከተማ የመጣው የልጅ ልጅ፣ «እማማ፣ ይህ ደሴት ስሙ ማነው?» ይላል። አያት የምትመልስለት የኮረብታውን ስም ነው፤ ደሴትነቱን ገና አልተቀበለችውም። በጀልባው ላይ አንድ ቦታ ባዶ አለ፤ ማን እንደ ቀረ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። ከዚህ በኋላ ያለው የደራሲው ፈተና ነው፤ የቀረው ዘመድ ለምን ቀረ? ማንስ አስቀረው?

ይህን የሚመልስ ልቦለድ፣ ከጉባ ልጆች በአንዱ ብዕር ተጽፎ ለማንበብ ያብቃን።