ገመዱን ማን ይጎትታል?

ካይዘን የሚለውን ቃል መቼም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ስሙ ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር የሚነሳ፣ ብክነትን እያስወገዱ ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ ነው። እኔም ምህንድስና ስማር በጣም ወድጄዋለሁ። ሆስፒታሎችስ ቢጠቀሙበት? ይጠቀሙበታል እንጂ! በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የቶዮታን አሠራር ተከትሏል። ወረፋ የሚያሳጥር ሆስፒታል ደግሞ ሕመምም ያሳጥራል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው "ብክነት የቱ ነው?" ስንል ነው። የመኪና በር ቢጠብቅ አያመውም፣ አይፈራም። ነርሷ ከአንዲት ታማሚ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ የምታሳልፈው 10 ደቂቃስ? እኔ ሰዓት ይዤ ብለካው ብክነት ነው። ለታማሚዋ ግን ዋናው ሕክምና ሊሆን ይችላል።

ቁጥር ብቻውን ሲገዛ ምን እንደሚመጣ እንግሊዝ አገር ታይቷል። ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው በ4 ሰዓት ውስጥ ታክሞ እንዲሄድ ወይም አልጋ እንዲይዝ መንግሥት ግብ አስቀምጦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። የስታፎርድ ሆስፒታል አመራር ግን በዚህ ግብና በወጪ ቅነሳ ተጠመደ። ሠራተኛ አነሰ። የሕክምና ሥልጠና የሌላቸው እንግዳ ተቀባዮች የድንገተኛ ታማሚዎችን ሁኔታ ቀድመው የሚገመግሙበት ጊዜ ነበር። በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት ሆስፒታሉ ከታማሚዎች ይልቅ ለግብና ለገንዘብ ቅድሚያ መስጠቱን አሳየ፤ 290 ምክረ ሐሳቦችም አቀረበ።

"ያው የፋብሪካ ዘዴ ጥፋት ነው" እንዳትሉኝ። እንደውም ስታፎርድ ያጣው ፋብሪካው ያለውን ነገር ነው። በቶዮታ ማምረቻ መስመር ላይ ገመድ አለ። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይጎትተዋል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ቨርጂኒያ ሜሰን ይህንንም ወስዷል፦ ለታማሚ የሚያሰጋ ነገር ያየ ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሥራውን ማስቆም ይችላል። በስታፎርድ ግን ችግሩን የተናገሩ ሠራተኞች ሰሚ አላገኙም።

የእኔ ትችት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ፍጥነቱን እንወስድና ገመዱን እዚያው እንተወዋለን። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል "አሠራሬን አቀላጠፍኩ" ሲላችሁ ስንት ደቂቃ እንዳተረፈ ብቻ አትጠይቁ። የተረፈው ደቂቃ ለማን ዋለ? አዲስ የተቀጠረች ነርስ "ቁሙ!" ብትልስ የሚቆም አለ?