ማጥቃት ብቻውን ያሸንፋልን? ስለ እንግሊዝ የቴስት ክሪኬት ቡድን ዘዴ የቀረበ ሒስ

የእንግሊዝ የክሪኬት ቡድን ከ2022 ጀምሮ የያዘው የአጨዋወት ዘዴ ብዙ ወዳጅና ብዙ ነቃፊ አፍርቶአል። ወዳጆቹ፣ አምስት ቀን የሚፈጀውንና በብዙ አገር ተመልካች እየራቀው የሄደውን ጨዋታ ነፍስ ዘራበት ሲሉ፣ ነቃፊዎቹ ደግሞ ቡድኑን ከቁማርተኛ ተራ አስገባው ይላሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ዘዴው ደስ ማሰኘቱን አይደለም፤ ደስ ማሰኘቱን የሚክድ የለምና። የምንጠይቀው፣ በእርግጥ ያሸንፋል ወይ? የሚያሸንፍስ ከሆነ ማንን፣ መቼና በምን ዐይነት ሜዳ ነው? ብለን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ላልተከታተለ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ግድ ይሆናል። በቴስት ክሪኬት ሁለት አገሮች እስከ አምስት ቀን ድረስ ይጋጠማሉ። እያንዳንዱ ቡድን ኳስ የመምታት ሁለት ሁለት ተራ አለው። አንዱ ሲመታ ሌላው ይወረውራል፤ መቺዎቹ ኳሱን መትተው በመሮጥ ነጥብ ያገኛሉ፤ ከ11ዱ ተጫዋቾች 10ሩ ከወጡ ተራው ያበቃል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ዱላውንና ኳሱን አይቶ ነገሩ ዘመድ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በገና ሁሉም በአንድነት ሲራኰት፣ በክሪኬት አንድ መቺ ቀኑን ሙሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሊውል ይችላል። ከሁሉ በላይ መታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ለማሸነፍ ብዙ ነጥብ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቃራኒውን ወገን መቺዎች በሁለቱም ተራ፣ ማለት 20ውን፣ ጊዜው ሳያልቅ ማስወጣት ያስፈልጋል። አምስቱ ቀን ካለቀ ብዙ ነጥብ ያለውም ጥቂት ነጥብ ያለውም እኩል ተለያዩ ይባላል።

በ2022 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ቡድን ሁኔታ የሚያሳዝን ነበር። በተከታታይ ካደረጋቸው 17 ግጥሚያዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። አምበሉ ጆ ሩት በኤፕሪል ወር ሹመቱን ለቀቀ፤ በምትኩ ቤን ስቶክስ ተሾመ፤ በሜይም የኒውዚላንድ አምበል የነበረው ብሬንደን ማከለም አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ማከለም በቅጽል ስሙ «ባዝ» ስለሚባል ጋዜጠኞች ዘዴውን «ባዝቦል» አሉት። እርሱ ግን ስሙን አይወደውም፤ በእኛም አስተያየት አለመውደዱ ትክክል ነው፤ ስሙ ነገሩን ኳስ ከመጠለዝ ጋር ብቻ ያያይዘዋልና። ዘዴው ከዚያ የሰፋ ነው። መቺው ሞክሮ ቢወጣ አይነቀፍም፤ ወርዋሪው ነጥብ ቢያስቈጥርበትም መቺውን የሚያስወጣ ኳስ እንዲፈልግ ይነገረዋል፤ አምበሉም እኩል መለያየትን ከውጤት አይቈጥረውም።

የመጀመሪያው ፍሬ የሚያስደንቅ ሆነ። በ2022 በኖቲንግሃም፣ በግጥሚያው የመጨረሻ ቀን፣ ኒውዚላንድን ለማሸነፍ 299 ነጥብ አስፈልጎአቸው በ50 ኦቨር ጨረሱት፤ ጆኒ ቤርስቶው ብቻውን በ92 ኳስ 136 ነጥብ አገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በበርሚንግሃም 378 ነጥብ አሳድደው ሕንድን አሸነፉ፤ በእንግሊዝ የቴስት ታሪክ ከዚህ የበለጠ ነጥብ አሳድዶ ያሸነፈ የለም። እንዲህ እያሉ ከመጀመሪያዎቹ 11 ግጥሚያዎች 10ሩን አሸነፉ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ሊጠና የሚገባው በዚያው ዓመት በዲሴምበር በፓኪስታን አገር፣ በራዋልፒንዲ የተደረገው ግጥሚያ ነው። መሬቱ ወርዋሪን ምንም የማይረዳ ነበር። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የቀድሞው ልማድ ሁለቱም ወገኖች እስኪጠግቡ መትተው በአምስተኛው ቀን እጅ ተጨባብጠው መለያየት ነው። እንግሊዞች በመጀመሪያው ቀን በ75 ኦቨር 506 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ተራቸው ሲያበቃም 657 ነጥብ በ101 ኦቨር ብቻ ስላገኙ ከጊዜው ብዙ ተረፋቸው። ፓኪስታን 579 ብትመልስም ጊዜ ነበረ። ስቶክስ ሁለተኛውን ተራ በ264 ላይ በገዛ ፈቃዱ ዘግቶ ለፓኪስታን 343 ነጥብ አቀረበላት። ይህም ሊደረስበት የሚችል ስለ ነበረ ፓኪስታን መከላከሉን ትታ ለማሸነፍ ተነሣች። ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንደርሰንና ሮቢንሰን በዚያ ተራ አራት አራት መቺ አስወጥተው፣ ግጥሚያው በ74 ነጥብ ልዩነት አለቀ። እዚህ ላይ ፍጥነቱ ለጌጥ አልነበረም፤ ለወርዋሪዎቹ ጊዜ ገዛላቸው። ዘዴው ይሠራል የሚሉ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም፤ እኛም ይህን ማስረጃ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን።

ይሁንና እንግሊዞች ራሳቸው የቡድናቸውን ብርታት የሚለኩት ከሁሉ ይልቅ በአውስትራልያና በሕንድ ነው። በዚህ ዘመን ከሁለቱ ጋር አራት የአምስት አምስት ግጥሚያ ውድድር አድርገዋል። በ2023 ከአውስትራልያ ጋር በአገራቸው 2 ለ 2 ወጡ፤ በ2024 ሕንድ አገር ሄደው 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ በ2025 ከሕንድ ጋር በአገራቸው እንደ ገና 2 ለ 2 ሆኑ፤ በ2025 መጨረሻና በ2026 መጀመሪያ ደግሞ አውስትራልያ ሄደው 4 ለ 1 ተሸነፉ። ይህን ብንደምረው ከ20 ግጥሚያ 6 አሸንፈው፣ 12 ተሸንፈው፣ በ2ቱ እኩል ወጥተዋል። ከአራቱ ውድድር አንዱን እንኳ አላሸነፉም።

ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ ዕድል የሚል ነው። እውነትም በ2023 በበርሚንግሃም የተሸነፉት ለአውስትራልያ ሁለት መቺ ብቻ ቀርተው ሳለ ነው፤ በዚያው ዓመት በዌሊንግተን በኒውዚላንድ የተሸነፉት በ1 ነጥብ ነው፤ በ2025 በለንደን ኦቫል ሜዳ በሕንድ የተሸነፉት በ6 ነጥብ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ ግጥሚያዎች እንዴት ከእጅ እንደ ወጡ ስንመለከት ምክንያቱ ዕድል ብቻ ሆኖ አናገኘውም። በበርሚንግሃም ሩት 118 ነጥብ ይዞ ገና ሲመታ፣ ስቶክስ በመጀመሪያው ቀን በ393 ላይ ተራውን ዘጋ። በዌሊንግተንም ኒውዚላንድ በብዙ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርታ ሳለ ወዲያው ደግማ እንድትመታ አስገደዳት፤ እርሷም 483 ነጥብ አግኝታ ነገሩን ገለበጠችው። በሁለቱም ስፍራ ትርፍ ነበራቸው፤ ትርፉን ግን በችኰላ መነዘሩት።

በ2023 በሎርድስ የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የአውስትራልያ ትልቁ አሽከርካሪ ወርዋሪ ኔተን ሊዮን ባቱ ተጐድቶ ከሜዳ ወጣ። እንግሊዝ አንድ መቺ ብቻ ወጥቶባት 188 ነጥብ ነበራት። አውስትራልያውያን ሌላ ምርጫ ስላጡ ኳሱን አጭር እየጣሉ ወደ ደረት ማንሣት ጀመሩ፤ ተከላካዮቻቸውንም በሩቅ አቆሙ። ወጥመዱ ከሩቅ የሚታይ ነበር። ኳሱን ዝቅ ብሎ ማሳለፍ በቂ ሲሆን መቺዎቹ ተራ በተራ እየጠለዙ ለያዦች ሰጡአቸው፤ 325 ላይም አለቁ። ግጥሚያውን የተሸነፉት በ43 ነጥብ ነው።

የነገሩ ቍልፍ ግን በእኛ አስተያየት በ2025 የበጋ ወራት ይገኛል። እንግሊዝ ሕንድን 2 ለ 1 እየመራች ወደ ማንቸስተር ሄደች፤ በዚያም 669 ነጥብ አግኝታ በ311 በለጠች። ሕንድ በሁለተኛው ተራ አንድ ነጥብ እንኳ ሳታገኝ በመጀመሪያው ኦቨር ሁለት መቺ ወጣባት። ከዚያ በኋላ ግን ራሁልና ጊል፣ ቀጥሎም ጃዴጃና ሰንደር 143 ኦቨር ሙሉ ቆመው ዋሉ። ስቶክስ እጅ ተጨባብጠን እንለያይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁለቱ መቺዎች ወደ መቶ ተቃርበው ስለ ነበር እምቢ አሉት፤ እርሱም ተቈጣ። ቊጣው ብዙ ተወራበት፤ እኛን የሚያስገርመን ግን ሌላ ነው። እንግሊዞች ከውጤት የማይቈጥሩት እኩል መለያየት በዚያ ቀን ውድድሩን ከእጃቸው ነጠቀ፤ ያ ግጥሚያ ቢሸነፍ ኖሮ ሕንድ 3 ለ 1 ተመርታ ነገሩ ያበቃ ነበርና።

ቀጥሎ ኦቫል ላይ እንግሊዝ 374 ነጥብ አስፈለጋት። ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባት 301 ደረሰች። ሃሪ ብሩክ በ98 ኳስ 111 ነጥብ ይዞ ነበር፤ እርሱ በፍጥነት ባይመታ ኖሮ ወደዚያ ስፍራ ባልደረሱም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን 73 ነጥብ ብቻ ሲቀር፣ ጊዜም ሞልቶ ሳለ፣ ወደ ፊት ሮጦ በኀይል ሲመታ ዱላው ከእጁ ተወርውሮ ኳሱ ተያዘ። የቀሩትም ተከታትለው ወጡ፤ በመጨረሻ ክሪስ ዎክስ ትከሻው ወልቆ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ገባ። ቡድኑ 367 ላይ አለቀ። ተራራውን ያስወጣው ጕልበት ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማረፍን አላስተማራቸውም።

አንዳንዶች ከእንግሊዝ በፊት በፍጥነት በመምታት ዓለምን ያንበረከከው የስቲቭ ዋው የአውስትራልያ ቡድን ነው ብለው ዘዴውን በእርሱ ሊደግፉት ይሞክራሉ። እውነት ነው፤ ያ ቡድን ከ1999 እስከ 2001 ድረስ 16 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎአል። ይሁን እንጂ መቺዎቹ በፍጥነት ያተረፉትን ጊዜ የሚረከቡት ማክግራዝና ዋርን ነበሩ። መቺዎቹ ቢቸኵሉ እንኳ 20 ሰው የሚያስወጣ አይታጣም። የስቶክስ ቡድን ግን፣ በተለይ አንደርሰንና ብሮድ ከተሰናበቱ በኋላ፣ እንዲህ ያለ መደገፊያ አልነበረውም። ደግሞም የአውስትራልያን 16 ድል ያቆመው ምን እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም፤ በ2001 በኮልካታ ላክስማንና ድራቪድ አራተኛውን ቀን ሙሉ ሳይወጡ ውለው ነው።

እንግዲህ ዘዴው በፐርዝ፣ በኖቬምበር 2025፣ እንዴት እንደ ተመዘነ እንመልከት። መሬቱ ኳስን ወደ ላይ የሚያነጥር ነበር። እንግሊዝ በመጀመሪያው ተራ 172 ብታገኝም አውስትራልያን በ132 አስወጥታ፣ በሁለተኛው ቀን ለምሳ ስትወጣ በ99 ነጥብ ትመራ ነበር፤ የወጣባት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ፖፕ፣ ብሩክና ሩት በስድስት ኳስ ውስጥ፣ ሊተዉ የሚገባቸውን ከግንድ የራቁ ኳሶች እየመቱ ወጡ። ግጥሚያው በሁለት ቀን አለቀ። የሚገርመው አሸናፊው ትራቪስ ሄድ ከእንግሊዞች ይልቅ በእንግሊዞች ዘዴ መጫወቱ ነው፤ በ83 ኳስ 123 ነጥብ አገኘ። ስለዚህ ጥፋቱ የማጥቃት ነው ብለን መፍረድ አንችልም። ሄድ የመታው መሬቱ ከተለሳለሰ በኋላ ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ ሰዓቱን ሳይመርጡ መቱ። ማጥቃት ሲመረጥ መሣሪያ ነው፤ ሕግ ሲሆን ግን ተቃራኒው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያወቁትን ሰው ደግሞ መጠበቅ ቀላል ነው።

አምበሉ ራሱ ይህን የተረዳው ይመስለናል። በአዴሌድ፣ ሙቀቱ በከበደበት ቀን፣ ስቶክስ በ198 ኳስ 83 ነጥብ ብቻ እያገኘ ቆመ፤ የማከለም ዘመን ሰዎች እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከእርሱ ለምደው አያውቁም ነበር። ግጥሚያው ግን ቀድሞ አምልጦ ነበርና በ82 ነጥብ ተሸነፉ፤ ዋንጫውም በ11 የጨዋታ ቀናት አመለጣቸው። ቀጥሎ በሜልበርን፣ ማንም ሊቆምበት በማይችል መሬት ላይ፣ 175 ነጥብ በፍጥነት እየመቱ አሳድደው አሸነፉ፤ በአውስትራልያ ምድር ከ2011 ወዲህ የመጀመሪያው ድላቸው ነበር። በዚያ ሜዳ መከላከል ራሱ ሞት ስለ ነበር መምታታቸው ትክክለኛ ፍርድ ነው። በሲድኒ እንደ ገና ተሸንፈው ውድድሩ 4 ለ 1 አለቀ።